በ38 ጎማ ሦስት ጊዜ መታሰር፦ የአንድ መጋዘን ሠራተኛ ጉዳይ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጎማ አከፋፋይ ድርጅት በመጋዘን ሠራተኛነት ያገለግል የነበረ ሰው ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ታስሯል። ሦስቱም ጊዜ የተጠረጠረው በነዚያው 38 ጎማዎች ነው። የወንጀሉ ስም ግን በየጊዜው ተለውጧል፤ መጀመሪያ እምነት ማጉደል፣ ቀጥሎ አታላይነት፣ በመጨረሻ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ተባለ። በድምሩ 31 ቀን በፖሊስ ጣቢያዎች ቆይቷል። የሰዎቹ ስም፣ የድርጅቱ ማንነትና የጣቢያዎቹ መለያ እዚህ አልተጻፈም።

ጉዳዩ የተመዘገበበት ምክንያት አንድ ነው። ቤተሰቡ ሰውየው እንደገና ከተያዘበት ቀን ጀምሮ «ሰው በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አይታሰርም» የሚል ክርክር ይዞ ነበር። ክርክሩ ትክክል የሚመስል፣ ችሎት ላይ ግን የማያዋጣ ነው። ሰውየውን ያስፈታው ሌላ ነገር ነው።

መነሻው

ድርጅቱ ኅዳር ላይ ቆጠራ አድርጎ 38 የመለስተኛ ጭነት መኪና ጎማዎች ጎደሉ አለ። የአንዱ ዋጋ 11,500 ብር ነበር። ቆጠራው ሲደረግ መጋዘን ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ነበር፤ የቆጠራው ቃለ ጉባኤ ላይ ፊርማው የለም። የመጋዘኑ ቁልፍ በሁለት ሰዎች እጅ ነበር። ጎማዎቹ የወጡባቸው ስድስት የዕቃ ወጪ ደረሰኞችም የሥራ አስኪያጁ የማጽደቂያ ፊርማ አለባቸው። እነዚህ ሦስት ፍሬ ነገሮች እስከ መጨረሻው ድረስ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የወንጀሉ ስምና መዝገቡን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው እስር፦ 9 ቀን

የመጀመሪያው እስር ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር ማለት ይቻላል። ተጠርጣሪው በተያዘ ማግስት ፍርድ ቤት ቀረበ። መርማሪው ለምርመራ 14 ቀን ጠየቀ፣ ችሎቱ 7 ቀን ፈቀደ። በሁለተኛው ቀጠሮ ፖሊስ ምስክር አሰምቼ ጨርሻለሁ፣ የሚቀረኝ የሰነድ ማስረጃ ነው ሲል ችሎቱ ተጨማሪ ጊዜ ከልክሎ በ15,000 ብር ዋስ እንዲወጣ አዘዘ። በማግስቱ ተፈታ።

መጋቢት ላይ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 42(1)(ሀ) መሠረት ዘጋው፤ ማለትም ያለው ማስረጃ ለማስቀጣት አይበቃም አለ (ከዚህ በኋላ ሌላ ሕግ ሳይጠቀስ «ቁጥር» ሲባል የዚህ ሕግ ነው)። ቤተሰቡ ይህን የሰማው በስልክ ነው። የዋስትናውን 15,000 ብር ተመላሽ አደረገና ጉዳዩ አለቀ ብሎ ተቀመጠ። የመዝጊያውን ውሳኔ ግልባጭ አልወሰደም፤ የዋስትናውን ደረሰኝም ገንዘቡን ሲቀበል አስረክቦ ኮፒ አላስቀረም። በኋላ የመጣው ችግር ግማሹ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው እስር፦ 18 ቀን

ሐምሌ ላይ፣ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በሌላ ክፍለ ከተማ ያለ ጣቢያ መርማሪዎች ከቤቱ ያዙት። ፍርድ ቤት የቀረበው ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ይህ 65 ሰዓት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(3) የሚፈቅደው 48 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይቀነሳሉ የሚል ነገር አንቀጹ ውስጥ የለም። ዓርብ ማታ መያዝ ልማድ የሆነው ግን ሕጉ ስለማይታወቅ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት የሚጠይቅ ሰው ስለማይገኝ ነው።

ተጠርጣሪው ያለ ጠበቃ ቀረበ። «በዚህ ጉዳይ ታስሬ ተፈትቻለሁ» አለ። ዳኛው «ማስረጃ አለህ?» ብለው ጠየቁት፤ አልነበረውም። መርማሪው የቀድሞውን መዝገብ አላውቀውም፣ እኔ የያዝኩት የአታላይነት ወንጀል ነው አለ። 14 ቀን ተጠይቆ 10 ቀን ተፈቀደ።

ክርክሩ ለምን አላዋጣም

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 23 የሚከለክለው በወንጀል ሕግና ሥነ ሥርዓት መሠረት ተከሶ የመጨረሻ በሆነ ውሳኔ ጥፋተኛ የተባለ ወይም በነጻ የተለቀቀ ሰው በዚያው ወንጀል እንደገና እንዳይከሰስና እንዳይቀጣ ነው። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ክስና ቅጣት ነው፤ ስለ መያዝ አይናገርም። የሚሠራውም የፍርድ ቤት የመጨረሻ ውሳኔ ሲኖር ነው። በቁጥር 42 መዝገብ የዘጋው ዐቃቤ ሕግ እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ምርመራው ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ በቀጠሮ ችሎት አንቀጽ 23ን ማንሣት ጉዳት አለው። ዳኛው በአንድ ቃል ይዘጋውና ጊዜው ያልቃል፤ መነሣት የነበረበት ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። ጥያቄው «ለምን እንደገና ታሰርኩ?» ሳይሆን «መጋቢት ላይ ያልነበረ፣ ዛሬ ያለ ማስረጃ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መርማሪው በወንጀሉ ስም ልዩነት መልስ ይሰጣል። ለሁለተኛው መልስ ለመስጠት ወረቀት ማውጣት አለበት።

መዝገቦቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ

በተፈቀዱት 10 ቀናት ውስጥ ጠበቃ ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥራው ወደ መጀመሪያው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዶ የመዝጊያ ውሳኔውን ማውጣት ነበር። ቢሮው ውሳኔው የተላከው ለፖሊስ ነው፣ ለግለሰብ አንሰጥም ብሎ መለሰው። በጽሑፍ ማመልከቻ፣ ከውክልና ሰነድ ጋር፣ ስድስት የሥራ ቀን ፈጅቶ ተገኘ፤ የወጪ ቁጥርና ክብ ማኅተም ያለበት ሁለት ገጽ። በመጋቢት ወር አንድ ጠዋት ይበቃው የነበረ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ጠበቃው አንድ ገጽ ማነጻጸሪያ አዘጋጀ። በግራ የመጀመሪያው መዝገብ፣ በቀኝ ሁለተኛው፤ ወደ ታች ደግሞ ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለበት ጊዜ፣ ቦታ፣ አቤቱታ አቅራቢ፣ ንብረት እና ተፈጸመ የተባለው ድርጊት። የወንጀሉ አንቀጽ ሆን ተብሎ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ልዩነት ያለው እሱ ላይ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ዐይን የሚይዘውም እሱ ነው።

አራቱ ነጥቦች ወዲያው ገጠሙ። ንብረቱ ግን በመጀመሪያ እይታ የተለየ ይመስላል። የመጀመሪያው መዝገብ «38 ጎማዎች» ይላል፤ ሁለተኛው ጎማ የሚል ቃል የለበትም፣ «ግምቱ 437,000 ብር የሆነ የድርጅቱ ንብረት» ይላል። 38ን በ11,500 ማባዛት ነበር የሚቀረው። ውጤቱ 437,000 ነው፤ አንድ ብር አይጨምርም አይቀንስም። ይህ ስሌት በማነጻጸሪያው ላይ በደማቁ ተጻፈ። ተመሳሳይ ጉዳይ አዲስ ሲመስል ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ብዛት በዋጋ ይተካል፣ ቀን በ«ልዩ ልዩ ጊዜያት» ይተካል።

ሐሙስ በዋለው ቀጠሮ ጠበቃው አንቀጽ 23ን አላነሣም። ውሳኔውንና ማነጻጸሪያውን አቅርቦ ሦስት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው የምርመራ መዝገብ ቀርቦ እንዲታይ። ሁለተኛ፣ መርማሪው በ10 ቀን ውስጥ የሠራው ሥራ ተዘርዝሮ በችሎቱ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር። ሦስተኛ፣ ቋሚ አድራሻ ያለውና በመጀመሪያው ምርመራ በተጠራ ቁጥር የቀረበ ሰው በቁጥር 25 መሠረት በመጥሪያ መጠራት ሲችል ለምን መያዝ እንዳስፈለገ እንዲብራራ።

ችሎቱ መዝገቡ ለሰኞ እንዲቀርብ አዘዘ። ሰኞ ሲቀርብ በሁለተኛው ምርመራ ቃላቸውን የሰጡት ሦስት ምስክሮች የመጀመሪያው ምርመራ ምስክሮች ሆነው ተገኙ፤ አዲስ ሰነድም አልነበረም። ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ተከልክሎ በ25,000 ብር ዋስትና እንዲወጣ ታዘዘ። ዋስትና የሚያስከለክሉት በቁጥር 67 የተዘረዘሩት ምክንያቶች፣ ማለትም ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል የሚሉት፣ በዚህ ሰው ላይ ለማሳየት አስቸጋሪ ነበር። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ አራት ወር ነጻ ሆኖ ሲኖር ከነዚህ አንዱንም አላደረገም።

ሦስተኛው እስር፦ 4 ቀን

ማክሰኞ ገንዘቡ ተከፈለ፣ የመፍቻ ትእዛዙ 9 ሰዓት ላይ ጣቢያ ደረሰ። 10 ሰዓት ላይ ተጠርጣሪው ከግቢው ሲወጣ በር ላይ የቆሙ የሌላ ጣቢያ መርማሪዎች ተቀበሉት። አሁን የተባለው በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ነው። ሰነዶቹ ስድስት የዕቃ ወጪ ደረሰኞች ናቸው። ደረሰኞቹ ላይ ያለው ብዛት 4፣ 8፣ 6፣ 8፣ 6 እና 6 ነው፤ ሲደመር 38።

ይህ እስር ከሁለተኛው በሕግ ፊት የተለየ ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሁለተኛው እስር ሲፈጸም በሥራ ላይ ያለ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልነበረም፤ መዝገቡም ዋስትናውም ተዘግቷል። ሦስተኛው ሲፈጸም ግን የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው የዋስትና ትእዛዝ ነበር። ዋስትና ሲፈቀድ ያልታወቀ አዲስ ነገር ከተገኘ መንገዱ በቁጥር 74 ተጽፏል፤ ወደ ችሎቱ ተመልሶ ዋስትናው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ነው። ያንን የሚወስነው ዳኛ ነው። በሌላ ጣቢያ በኩል ማለፍ ትእዛዙን ሳይነኩ ትርጉም ማሳጣት ነው።

የሦስተኛው ጣቢያ መርማሪዎች ፍርድ ቤት አላቀረቡትም። 48 ሰዓቱ ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ሞላ። ዓርብ ጠዋት ጠበቃው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ከሕግ ውጭ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት የሚጠየቅበትን አቤቱታ፣ አስገባ። መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) እና የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ናቸው። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል። ቃለ መሐላው ላይ ሰውየውን የያዘው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተያዘ፣ እንዴት እንደተያዘና ይህን የሚመሰክሩ ሰዎች ስም ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ አቤቱታዎች ይሰናከላሉ፤ «የት እንዳለ አናውቅም» የሚል አቤቱታ መጥሪያ የሚላክለት አካል ያጣል። የተጠርጣሪው ወንድም በር ላይ ሲወስዱት ተከትሎ ጣቢያውን አይቶ ስለነበር፣ የጣቢያው ስም፣ የተያዘበት ሰዓትና የተረኛው ኃላፊ ማዕረግ በቃለ መሐላው ላይ በትክክል ሰፈረ።

ችሎቱ የጣቢያው ኃላፊ ተያዡን ይዞ ሰኞ እንዲቀርብና የያዘበትን ምክንያት እንዲያስረዳ አዘዘ። መጥሪያው ዓርብ ከሰዓት ደረሰ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰውየው ያለ ዋስ፣ ያለ ወረቀት ተለቀቀ። ሰኞ ኃላፊው ቀርቦ «በእጃችን የለም» አለ፤ መዝገቡ ተዘጋ። እስሩ ሕጋዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው አልተወሰነም።

ያልሠራው

አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሰውየውን አስፈትቷል፤ ለወደፊት የሚጠቅም ውሳኔ ግን አላስገኘም። መልቀቁ ራሱ አቤቱታውን ይገድለዋል። ጠበቃው ሰኞ ዕለት ተለቀቀ የተባለበት ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም ፍርድ ቤት ሳይቀርብ መቆየቱ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ጠይቆ ነበር፤ ይህ ተሳክቷል፣ ግልባጩም ኋላ ላይ ጠቅሟል።

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ሕገ ወጥ በሆነ መንገድ ሰው መያዝ ወይም ማሰር በመንግሥት ሠራተኛው ላይ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በዚህ መሠረት የቀረበው ጥቆማ ይህ እስከተጻፈበት ድረስ ውጤት አላመጣም።

ከሁሉ የከፋው የሽምግልናው ሙከራ ነበር። በሁለተኛው እስር ወቅት የድርጅቱ ባለቤት በሽማግሌዎች በኩል 200,000 ብር ከተከፈለኝ አቤቱታዬን አነሣለሁ አለ። ወንድምየው ሊፈርም ብዕር አንሥቶ ነበር። የስምምነቱ ረቂቅ «ያጎደልኩትን ንብረት ለመተካት» የሚል ሐረግ ነበረው። ያ ወረቀት ቢፈረም ኖሮ መጋቢት ላይ ያልነበረውን አዲስ ማስረጃ ቤተሰቡ ራሱ ለመርማሪው ማስረከቡ ነበር። በተጨማሪም እምነት ማጉደልና አታላይነት አቤቱታ አቅራቢው ስለተወው ብቻ አይዘጉም የሚለውን ማንም አልነገራቸውም። ተደጋጋሚ እስር የገንዘብ ክርክር ማስፈጸሚያ ሆኖ ሲገኝ እንዲህ ያለ ረቂቅ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣ መርማሪ እንዳየው አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ለመርማሪው በቃል ማስረዳትም ሁለት ቀን በልቷል። መርማሪው ያዳምጣል፣ ይራራል፣ በችሎት የሚያነበው ግን የያዘውን ማመልከቻ ነው።

ለሌላ መዝገብ የሚሆን

እንደገና የተያዘ ሰው በመጀመሪያ ሊለይ የሚገባው የቀድሞው ጉዳይ የት ላይ እንደቆመ ነው። የሚቀርበው ክርክር የሚወሰነው በዚህ ነው። መዝገቡ በዐቃቤ ሕግ ተዘግቶ ከሆነ ጥያቄው «አዲሱ ማስረጃ የታለ» ነው። በሥራ ላይ ያለ ዋስትና ካለ ጥያቄው «ለምን በቁጥር 74 ወደ ችሎቱ አልተሄደም» ነው። የመጨረሻ ፍርድ ካለ ያኔ አንቀጽ 23 ይነሣል፤ ክስ ከቀረበም በቁጥር 130(2)(ለ) የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ማስረጃ ከመሰማቱ በፊት የሚቀርብ ተቃውሞ፣ ይሆናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2(5) «ድርጊት» በሚል ስለሚናገር፣ የአንቀጽ ስም ተቀይሮ ለሚመጣ ክስ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ጋር አብሮ መጠቀሱ ይጠቅማል።

አንድ የምርመራ ጊዜ በቁጥር 59 መሠረት ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ ሊፈቀድ እንደሚችል ግን ቁጥሩ ገደብ አላስቀመጠም። ገደብ የሚሆነው ባለፈው ቀጠሮ የተሠራው ሥራ በጽሑፍ መስፈሩ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር ቃል በቃል አንድ ሲሆን ዳኛው ራሱ ያየዋል። ዋስትና ከተከለከለ ይግባኙ በቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ነው፤ ይህን ጊዜ ጣቢያ ለጣቢያ ሲሯሯጡ የሚያሳልፉት ብዙ ናቸው።

ወረቀትን በተመለከተ፣ የመዝጊያ ውሳኔ፣ የዋስትና ትእዛዝ፣ የገንዘቡ ደረሰኝ፣ የመፍቻው ኮፒ እና የቀጠሮ ችሎቱ መዝገብ ግልባጭ ጉዳዩ ባለቀ ዕለት መውጣት አለባቸው። ሦስት ቁጥሮች ይለያሉ፤ የፖሊስ ምርመራ መዝገብ ቁጥር፣ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ቁጥርና የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው በሌላው መሥሪያ ቤት መዝገቡ አይገኝለትም። አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ፣ አብሮ ሊያዝ በማይችል ዘመድ እጅ ይቀመጥ። በስልክ ፎቶ ማንሣት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሲያዙ መጀመሪያ የሚወሰደው ስልክ ነው።

ክሱ

መስከረም ላይ ዐቃቤ ሕግ ሦስቱን መዝገቦች አጠቃሎ በእምነት ማጉደል አንድ ክስ አቀረበ። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በቁጥር 141 መሠረት በነጻ አሰናበተው። ምክንያቶቹ መጋቢት ላይ መዝገቡን ያዘጉት ናቸው፤ ያልተፈረመ ቆጠራ፣ ሁለት ቁልፍ፣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አላለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአራተኛ ጣቢያ ስልክ ተደወለለት። የፍርዱን ግልባጭና ያቺን አንድ ገጽ ማነጻጸሪያ ይዞ በራሱ እግር ሄደ። መርማሪው አነበበ፣ ኮፒ አድርጎ ከመዝገቡ ጋር አያያዘ፣ አድራሻውን መዘገበ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ወጣ።